«ለጊዜው በአማቻችን ስም አድርገነዋል»

ጥያቄ፦ «ቤታችን ጎንደር፣ አራዳ ነው። አባቴ በ1958 ዓ.ም. ያሠራው ሲሆን በትርፍ ቤት አዋጅም አልተነካብንም። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ከተማው ሲረበሽ እናታችንን ይዘን አዲስ አበባ መጣን። ቤቱ ተዘግቶ ቢቆይ መንግሥት ወይም ሌላ ሰው ሊወስድብን ይችላል? ለጊዜው በአማቻችን፣ በእህቴ ባል ስም አድርገነዋል። ታናሽ ወንድማችን ካናዳ ነው።»

መልስ፦

እህቴ፣ የጠየቁኝን አስቀድሜ በአጭሩ ልመልስ። በር ቆልፎ መሄድ ባለቤትነትን አያሳጣም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በላዩ ያረፈው ቤት የሠሪው ነው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ እንኳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አስቀድሞ ማስታወቅና ካሳ መክፈል ግዴታ ነው። ሌላ ሰው ሰብሮ ቢገባ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብላችሁ ትከሳላችሁ፤ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም የሚለው ያዋጣናል ብላችሁ ቀኑን እንዳታሳልፉ።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ልለፍ። ደብዳቤዎ ረጅም ነው፤ ከላይ ያሰፈርኩት ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው። ስለ ተኩሱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናትዎ እንባ ሁሉንም ነግረውኛል። አማችዎን የተመለከተችው ግን አንዲት መስመር ናት። ስም በቃል አይዛወርም፤ አንድ ነገር ፈርማችኋል። ምን እንደፈረማችሁ ለምን ዘለሉት? የሽያጭ ውል ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ዋጋውም ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ፣ ገንዘቡም ያልተከፈለ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም ሲባል፣ ትርፉን በወንድም ወይም በክርስትና ልጅ ስም ያስደረገ ሰው እንደነበር ሽማግሌዎች ያወሩናል። ደርግ ወድቆ ከአዋጅ ውጭ ለተወሰደ ንብረት በአዋጅ ቁጥር 110/1987 አቤት የሚባልበት በር ተከፈተ። በገዛ እጁ ፈርሞ ለዘመድ ያስተላለፈ ግን በዚያ በር አልገባም። የእሱ ክስ ከመንግሥት ጋር ሳይሆን ከወንድሙ ጋር ነበርና።

አማችዎ ጥሩ ሰው ናቸው ይሉኛል። ይሁኑ። ቢሮዬ የሚመጣ ሁሉ እንዲሁ ይላል፣ ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው። ጣጣው ከሰውየው ጠባይ ጋር እምብዛም አይገናኝም። ባንክ ወይም ሌላ አበዳሪ ቢከሳቸው፣ ፍርዱ ሲፈጸም የሚጠየቀው ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ነው። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ እግዜር ያቆያቸውና፣ ወራሾቻቸው ቤቱን ከውርስ ሀብቱ ይቆጥሩታል፤ ከወራሾቹ መካከል እናንተ የማታውቁት ልጅ ሊኖር ይችላል። ከእህትዎ ጋር ቢፋቱ «በትዳር ውስጥ የተገዛ» ይባልና ለሁለት ይከፈላል፤ እናትዎ በዚያ ክፍፍል ውስጥ የሉበትም። ለሌላ ሰው ቢሸጡትማ ገዢው «በመንግሥት የተሰጠ ካርታ አይቼ ገዛሁ» ይላል፤ የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195ም ካርታው በስሙ ያለ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል።

ያን ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ «ለማስመሰል ነው፣ ሳንቲም አልተቀበልንም» ትላላችሁ። ውሉ ግን «ገንዘቡን ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ይላል፣ ሥሩም የእናትዎ ፊርማ ነው። በቁጥር 2005 የጽሑፍ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ጽኑ ማስረጃ ስለሆነ ጎረቤት ጠርቶ ማፍረስ በጣም ከባድ ነው። «ፈርተን ነው» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ሕጉ የሚያውቀው ማስፈራራት ከባድና ቅርብ አደጋ ያለበት ዛቻ ነው፤ ከተማው በጠቅላላው መፍራቱ ይበቃል ብለው አይተማመኑ። በፈቃድ ጉድለት፣ ማለትም ተገድጄ ወይም ተሳስቼ ፈረምኩ በሚል፣ ውል የማፍረስ ክስም ቢሆን ጉድለቱ ከቀረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ቁጥር 1810 ነው።

ሁለተኛው የዘለሉት ወንድምዎን ነው። አባትዎ ሲያርፉ ቤቱ የትዳር ሀብት ከነበረ ግማሹ የእናትዎ ሆነ፤ የአባትዎ ድርሻ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆቹ እኩል ነው። የወራሽነት ማስረጃ አውጥታችኋል? ካናዳ ያለው ልጅ ፈርሟል? በውክልና ከሆነ ውክልናው ቤት መሸጥ እንደሚችል ለይቶ ይናገራል? ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይበቃም (ቁጥር 2205)። እናትዎ በጣት አሻራ ፈርመው ከሆነ ደግሞ ማን ፊት እንደፈረሙ ማወቅ አለብኝ፤ ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ በሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ያልፈረመ ወራሽ ወይም ያልተረጋገጠ አሻራ ካለ ለእናንተ መውጫ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል አልኩ እንጂ ይሆናል አላልኩም፤ ሰነዱን ሳላይ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ውሉ ከውል አዋዋይ ደርሶ ካልተመዘገበ፣ በቤት ውስጥ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ የቤት ሽያጭ ውል እንዲመዘገብ የሚያዝዘው ቁጥር 1723 ያግዛችሁ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ቁጥር ላይ የሰበር ሰሚ ችሎት ደጋግሞ ትርጉም ሰጥቷልና ጠበቃ ሳያማክሩ እፎይ አይበሉ።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በጽሑፌ ተናደው ለአማችዎ ስልክ እንዳይደውሉ፤ አሁን ያላችሁ ትልቁ ሀብት መስማማታችሁ ነው። ፍቅር ሳለ ውሉን በስምምነት አፍርሳችሁ ስሙን መመለስ ይሻላል፤ ወጪ አለው፣ ቴምብር ቀረጥም ሊኖር ይችላል፣ ቢሆንም ይሻላል። ወዲያው የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ገንዘብ እንዳልተከፈለና ቤቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ሰነድ አማችዎም ሚስታቸውም ፈርመው ይረጋገጥ። ሚስታቸው እህትዎ ስለሆነች «እሷማ ትፈርማለች» ብላችሁ አትተዉት። ተቃውሞ ከመጣ ክስ ተመሥርቶ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የእግድ ትእዛዝ ይጠየቃል፤ ይህን ብቻችሁን አትሞክሩት። በውሉ ላይ እውነት ያልሆነ ነገር ለመንግሥት አስመዝግባችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ተጠያቂነት አለበት። እሱን በደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ ለያዙት ጠበቃ ለብቻው ይንገሩት።

ቤቱን ባዶ አትተዉት። የሚቀመጥ ሰው ካለ በጽሑፍ የኪራይ ወይም የጥበቃ ውል ይኑረው፤ አከራዩ ማን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቤትና የቦታ ግብሩን ማን እየከፈለ ነው? ባለይዞታ የሆነ ሰው 15 ዓመት በተከታታይ ግብር ቢከፍል ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ቁጥር 1168 ይደነግጋል። ደረሰኙ በአማችዎ ስም እየተቆረጠ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩኝ።

ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ፣ እኔም ሆንኩ ሌላ፣ የፈረማችሁትን ውል፣ የድሮውንና አዲሱን ካርታ፣ የአባትዎን የሞት ማስረጃ፣ የወላጆችዎን የጋብቻ ማስረጃ፣ የወንድምዎን ውክልና፣ አሮጌ የግብር ደረሰኞችን ይያዙ። ዋናው ጎንደር ቀርቶ ከሆነ ለመጀመሪያው ቀን በስልክ የተነሣ ፎቶ ይበቃል። እናትዎንም ይዘው ይምጡ፤ ምን ፈርሜያለሁ ብለው እንደሚያስቡ ከራሳቸው አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።