ጥንቸል መብላት ስታቆም፣ ገንዘብም ሲያጥር

የቤት እንስሳት ጤና፦ የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ሁለት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ጥንቸል አለችን። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አልነካችም። በጠጧ መጀመሪያ ትንንሽና ደረቅ ሆነ፤ ዛሬ ጭራሽ ቆሟል። ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች፣ ጥርሷንም ታፋጫለች። አንድ የግል የእንስሳት ሕክምና ቤት ደውዬ የነገሩኝ ዋጋ ጥንቸሏን ከገዛሁበት በብዙ ይበልጣል። ጎረቤቴ አሞክሲሲሊን በጥብጠሽ አጠጪያት ትለኛለች። ልጆቼ እያለቀሱ ነው፤ እቤት ምን ላድርግላት?
አንዲት እናት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

መልስ፦ አሞክሲሲሊኑን አይስጧት። የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ይህ ይቅደም። ጥንቸል የበላችውን ሣር የሚያብላሉላት በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ ባለ ትልቅ ከረጢት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ጠቃሚዎቹን ይገድላል፤ ክሎስትሪዲየም የተባለው መርዝ አመንጪ ባክቴሪያ ቦታውን ይወርሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቅማጥ፣ ከዚያም ሞት ሊከተል ይችላል። አይጥ መሰል ለሆኑት ሣር በል የቤት እንስሳት፣ ለጊኒ ፒግና ለቺንቺላም ያው ነው።

የነገሩን ምልክት የአንጀት መቆም ይመስላል። የጥንቸል አንጀት ሌትና ቀን መንቀሳቀስ አለበት። ሲቆም ውስጡ ያለው ምግብ ይደርቃል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያማል፤ ሕመሙ ደግሞ ይበልጥ ከምግብ ያርቃታል። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። 12 ሰዓት ሳትበላና በጠጥ ሳትጥል ከቆየች ነገሩ አስቸኳይ ነው። አንድ ቀን ሲያልፍ ከሰውነቷ የሚቀልጠው ስብ ጉበቷ ላይ እየተከማቸ ይጎዳታል። ስለዚህ «እስከ ነገ እንያት» አይባልም።

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚገዛው መድኃኒት አይደለም። አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ መርፌ የሌላቸው የ1 እና የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች ይግዙ፤ ከማንኛውም የሰው ፋርማሲ ይገኛሉ። ጥንቸሏን በፎጣ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡ፤ የኋላ እግሮቿን በእጅዎ ደግፈው ይያዙ፤ በባዶ ከተራገጠች የጀርባ አጥንቷ ሊሰበር ይችላልና። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቫዝሊን ቀብተው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊንጢጣዋ ያስገቡ። ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ይኖራታል።

ከ38 በታች ከሆነ ምግብ ከመስጠትዎ በፊት ያሙቋት። ለብ ያለ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኗ ያድርጉ፤ ስትሞቅ እንድትሸሽ አንዱን ወገን ክፍት ይተዉላት። የቀዘቀዘ አንጀት የሚሰጠውን ምግብ አያንቀሳቅስም። ከ40.5 በላይ ከሆነ ግን ችግሩ ሙቀት ነው፤ ጆሮዎቿን በቀዝቃዛ፣ በረዶ ባልሆነ ውሃ ያርጥቡ፣ ወደ ጥላና ወደ ሲሚንቶ ወለል ያውርዷት። ውሃ ውስጥ አይንከሯት፤ ድንገተኛው ድንጋጤ ራሱ ሊገድላት ይችላል።

ቀጥሎ ሆዷን በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ለስላሳ ወይም እንደ ሊጥ ከሆነ መመገብ ይቻላል። እንደ ከበሮ ተወጥሮ የጠነከረ ከሆነ አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በአፏ ምንም ነገር አይስጡ፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈልጉላት። ፋርማሲ ውስጥ አንጀት የሚያንቀሳቅሰው ሜቶክሎፕራማይድ መኖሩ አያታልልዎ፤ የተዘጋን አንጀት መግፋት ለመቀደድ ያደርሰዋል።

መመገብ ከተቻለ፣ ደረቅ የአልፋልፋ ቅጠል ወይም ንጹሕ የጥንቸል መኖ ወቅጠው በወንፊት ይንፉ። በርበሬ የተወቀጠበትን ሙቀጫ አይጠቀሙ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በስድስት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ሩብ ሰዓት ይተዉት፤ ከጠጠረ ውሃ ይጨምሩ። በሲሪንጁ ጫፍ ካላለፈ ጫፉን በምላጭ ቆርጠው ጠርዙን በእሳት ያለስልሱ።

ጥንቸሏን በጀርባዋ አያስተኟት። በአራት እግሯ ተቀምጣ ሲሪንጁ ከጎን በኩል፣ ከፊት ጥርሶቿ ኋላ ባለው ክፍት ቦታ ይግባ። ግማሽ ሚሊ ሊትር ይስጡ፣ ስታኝክና ስትውጥ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይድገሙ። ከቸኮሉ ወደ ሳንባዋ ይገባና የሳንባ ምች ይሆናል። የመጀመሪያው ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይብቃት። ከተቀበለች ለሁለት ኪሎ ጥንቸል በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30፣ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በድምሩ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በመካከል በ1 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጅ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉላት። ከገንፎው ጋር ተደምሮ በቀን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋታል። ደረቅ ሣር ከፊቷ አይጥፋ፤ በየሁለት ሰዓቱም ወለል ላይ ለቀው ትንሽ ያንቀሳቅሷት።

ነጭ ሽንኩርት አይስጧት፤ የቀይ ደም ሕዋሶቿን ይጎዳል። ዘይትና የቀለጠ ቅቤም አይስጧት፤ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለሰው እንደሚሰጡት አይሰጡም።

እርስዎ ያሳሰብዎት ወጪው ነውና ስለ እሱ ግልጽ እንሁን። ትንሿን ገንዘብ ለቫይታሚንና ለአንቲባዮቲክ መርፌ አያውሏት፤ ለምርመራና ለሕመም ማስታገሻ ያውሏት። ሐኪሙን አራት ነገር ይጠይቁ፦ ሆዷን እንዲዳስስ፣ የመንጋጋ ጥርሶቿን በብርሃን እንዲያይ፣ የሕመም ማስታገሻ (አብዛኛውን ጊዜ ሜሎክሲካም) በክብደቷ ልክ እንዲሰጣትና ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እንዲያስገባላት። ሜሎክሲካም ውሃ የጠማውን ኩላሊት ስለሚጎዳ መጠኑን እርስዎ አይገምቱ። ሕመሟ ሳይታገስ ብቻዋን እንድትበላ መጠበቅ ግፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መክፈል የሚችሉ ከሆነ ማስታገሻው ይሁን። ክብደቷን፣ የሙቀቷን ቁጥር፣ መጨረሻ የበላችበትንና በጠጥ የጣለችበትን ሰዓት ጽፈው ይሂዱ፤ የምርመራውን ጊዜ ያሳጥረዋል። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮች አብዛኛውን ጊዜ ከግል ይረክሳሉ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ትንንሽ እንስሳትን የሚያይ ሐኪም መኖሩን ሳያጣሩ ግን መንገድ አይጀምሩ፤ በሙቀት መንገላታት ያባብስባታል። ሆዷ ተወጥሮ፣ ሙቀቷም ወርዶ፣ ለሕክምናው መክፈል ካልቻሉ፣ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ መጠየቅ ጭካኔ አይደለም።

በጠጥ መጣል ስትጀምር መመገቡን ወዲያው አያቋርጡ። በራሷ ሣር መብላቷን አንድ ሙሉ ቀን ካዩ በኋላ ነው የሚቆመው።

መነሻው ካልታወቀ ይመለሳል። በድሬዳዋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በሚያልፈው ቀን ቆርቆሮ ሥር ያለ ሳጥን ምድጃ ይሆናል። ጥንቸል አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በዋነኛነት በጆሮዋ ነው። ቬንቲሌተር ብቻውን ብዙም አይረዳትም። የቀዘቀዘ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኗ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ሌላው የሚበላው ነው። ዳቦ፣ ፉርሽካ፣ የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ ሲበዛ አንጀቷን ያቆማል፤ ከሚበላው አብዛኛው ሣር መሆን አለበት። የዶሮ መኖ ለኮክሲዲያ (ለአንጀት ተውሳክ) የተጨመረበት መድኃኒት ሊመርዛት ስለሚችል ጨርሶ አይቅረባት። ገራባንም (የጫት ትራፊውን) ፍየል ትበላዋለች ተብሎ ለጥንቸል አይሰጥም፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይጨምራል፤ ለእሷ የከፋው ጥምር ይኸው ነው። ምግብ አንስታ መልሳ የምትጥል ወይም አገጯ በለሃጭ የሚርስ ከሆነ ጥርሷ ነው። የፊት ጥርስ ቢረዝም በጥፍር መቁረጫ አይቆረጥም፤ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ የጥንቸሎቼ ጆሮ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ተደራርቧል፤ ራሳቸውን እያናወጡ ያካሉ። የበግ ኢቨርሜክቲን ገዝቻለሁ፤ ስንት ልስጣቸው? ቅርፊቱንስ ላንሳው?
ከሐረር ጀጎል

መልስ፦ ቅርፊቱን አይንኩ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቁስል ነው፤ ሲነሣ ይደማል፣ እጅግም ያማል። መድኃኒቱ ሲሠራ በራሱ ይረግፋል።

በሽታው በጥቃቅን ተባይ የሚመጣ የጆሮ እከክ ነው፤ በኢቨርሜክቲን ይድናል። የሚገድለው የመጠን ስሕተት ነው። ጠርሙሱ ላይ 1% የሚል ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። ለጥንቸል በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ፣ ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል ከ0.04 እስከ 0.08 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። ይህን በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት አይቻልም። 100 መስመር ባለው የ1 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከ4 እስከ 8 መስመር ነው። አስቀድመው በኩሽና ሚዛን ይመዝኗቸው፤ በዓይን ግምት አይሁን። መርፌው የሚወጋው ከቆዳ ሥር፣ ማጅራት ላይ ነው። መውጋት ካልለመዱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲወጋልዎ ይክፈሉ፤ መድኃኒቱን ይዘው ስለሚሄዱ ወጪው ይቀንሳል።

አንድ ጊዜ አይበቃም። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል በ14 ቀን ይደገማል። የታመመችው ብቻ ሳትሆን አብረዋት የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ። ተባዩ ከእንስሳው ውጭ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ጉዝጓዙን ያቃጥሉ፣ ሳጥኑን በፈላ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን አይሞክሩ። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፊፕሮኒልም ለጥንቸል መርዝ ነው። አንዷ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ ከቀረች ግን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ደርሷልና ሐኪም ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ቺንቺላ ላምጣልሽ ይለኛል። ድሬዳዋ ትኖራለች? ብትታመምስ?
ከከዚራ

መልስ፦ አያምጣልሽ። ቺንቺላ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንስሳ ናት፤ ከአንዲት የፀጉር ቀዳዳ ከ50 በላይ ፀጉር ይበቅልባታል። ከ25 ዲግሪ በላይ ትቸገራለች፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በሙቀት ምት ትሞታለች። በድሬዳዋ ሌትና ቀን ኤር ኮንዲሽነር ያስፈልጋታል፤ መብራት በጠፋበት ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚያድናት የለም። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር እንኳ በጥላ ወገን ያለ ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል።

ቀድሞውኑ እጅሽ ከገባች፣ ከላይ ለጥንቸል የጻፍነው የአመጋገብ ሥርዓት ይሠራላታል፤ መጠኑ ግን ይለያል። ግማሽ ኪሎ ለምትመዝን ቺንቺላ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ገንፎ ይበቃታል። ጤነኛ ሙቀቷም ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ስለሆነ፣ በጥንቸል ቁጥር ፈርደሽ ቀዝቅዛለች ብለሽ እንዳታሞቂያት።