ዳዊት የደገመች ልጅ ስለ ኢንካ ስትጠይቅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የታሪክ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት በአሜሪካ ምድር የነበሩት የማያ፣ የአዝቴክና የኢንካ ሕዝቦች ታሪክ ልብሽን ወስዶታል፤ አባትሽ ደግሞ «ይኼ እንጀራ አይሆንሽም፣ አካውንቲንግ ተማሪ» ይሉሻል። ልተወው ወይስ ልቀጥል ነው ጥያቄሽ። እኔን የያዘኝ ግን መሀል ላይ የጣልሽው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «እ.ኤ.አ. በ1532 የስፔኑ ወራሪ ፒዛሮ በ168 ሰው፣ ዛሬ ፔሩ ውስጥ ባለችው ካሃማርካ፣ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን እንዴት ሊማርክ ቻለ? እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

ከዚያ ልጀምር፤ የሙያሽ መልስም እዚያው ውስጥ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ፈረሱን፣ ብረቱን፣ ፈንጣጣውን፣ በአታዋልፓና በወንድሙ በዋስካር መካከል የነበረውን ጦርነት ከመማሪያ መጻሕፍት ታውቂዋለሽ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እነዚያን ጥቂት ሰዎች በማያውቁት ተራራማ አገር ማን አበላቸው? ጓዛቸውን ማን ተሸከመላቸው? በ1558 የሀውሃ ሸለቆ ባላባቶች፣ ዋንካ የሚባሉት ሕዝቦች፣ ሊማ ካለው የስፔን ፍርድ ቤት ቀርበው ለፒዛሮ የዋሉት ውለታ እንዲቆጠርላቸው አመለከቱ። ማስረጃቸው ኪፑ ነበር፤ ቁጥር በቋጠሮ የሚያዝበት የገመድ መዝገብ። ከ25 ዓመት በፊት የሰጡትን ላማ (የዚያ አገር የጭነት እንስሳ)፣ በቆሎ፣ ልብስ፣ የላኩትን ሰው ከቋጠሮው ላይ እያነበቡ ቆጠሩ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም በስፓኒሽ ጻፈው። ኢንካን ለመጣል በኢንካ አገዛዝ የተማረሩ ሕዝቦች ከስፔኖች ጎን ተሰልፈው ነበር ማለት ነው። በሜክሲኮም የአዝቴኮች ዋና ከተማ ተኖችቲትላን በ1521 ስትወድቅ ከስፔኑ የጦር መሪ ከኮርቴስ ጋር የተሰለፉት፣ የአዝቴኮች ጠላት የነበሩት የትላሽካላ ሰዎች ከስፔኖቹ እጅግ ይበዙ ነበር።

የዋንካዎቹ ወረቀት ለዘመናት በስፔኗ በሴቪል ከተማ፣ አርኪቮ ጄኔራል ዴ ኢንዲያስ በሚባለው ቤተ መዛግብት ተኝቶ ኖረ። ይህ ቤት በ1785 የተቋቋመ ሲሆን 80 ሚሊዮን ገጽ ያህል ይዟል። ሰነዱን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለኅትመት ያበቃው የፔሩው የታሪክ ሊቅ ዋልደማር እስፒኖሳ ሶሪያኖ ነው። መሬት ቆፍሮ አላገኘውም። የ16ኛውን መቶ ዓመት የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ስለቻለ ነው ያገኘው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በአንድ መስመር እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ፦ «በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜያለሁ።» ይህን ለስኮላርሺፕ በምትጽፊው ማመልከቻ ላይ ከሁሉ አስቀድመሽ ልትጽፊው ይገባሻል። ለምን እንደሆነ አንድ ነገር ላሳይሽ።

ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ ፍራንቼስካዊ መነኩሴ በ1562 በዛሬዋ ሜክሲኮ፣ ማኒ በምትባል የዩካታን ከተማ የማያ መጻሕፍትን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በዓለም የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ይኸው ሰው ቆይቶ የማያን ጽሕፈት ሊመዘግብ ፈለገና ጸሐፊ አስቀምጦ ፊደላቱን በስፓኒሽ ስማቸው ይጠራለት ጀመር። ስፔኖች የ«ብ»ን ፊደል «ቤ» ይሏታል። ጸሐፊው «ቤ» ሲባል መንገድ ላይ ያረፈ የእግር ዱካ ሣለ፤ «ቤ» በማያ ቋንቋ መንገድ ነውና። ላንዳ አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ መስሎት መዘገበው። አንቺ ብትሆኚ ግን ወዲያው ይገባሽ ነበር፤ «ቤ» ለአንቺ ከበ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ ቀጥላ የምትመጣ ኃምስ ናት፤ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት አብረው የተቀመጡባት። የማያ ጽሕፈት ቃል ሙሉ የሚወክሉ ምልክቶችም ስላሉት እንደ ፊደላችን ነው አልልሽም፤ መሠረቱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአውሮፓ ሊቃውንት እዚህ ለመድረስ ዘመናት ፈጅቶባቸዋል። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ የሶቪየት ተመራማሪ ከዚያው ከላንዳ መዝገብ ተነሥቶ አስረዳቸው። የማያን አገር ረግጦ ያየው በ1990 ነው፤ ሥራውን የሠራው ሌኒንግራድ ተቀምጦ፣ ከታተሙ ቅጂዎች ነበር።

ያ ጸሐፊ መጨረሻ ላይ ዓረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል የጻፈው «ማ ኢን ካቲ» የሚል ነው። «አልፈልግም» ማለት ነው። ከአራት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ ሳነበው ልቤ ይነካል።

እንግዲህ ምክሬ። ትምህርትሽን አታቋርጪ። አካውንቲንግ ከዜሮ መጀመር ሦስት ዓመትሽን ያቃጥላል። ነገር ግን አባትሽም ያለ ምክንያት አልሰጉም፤ ይህ ትምህርት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ክፍል የለውም፣ በውጭም የመምህርነት ቦታው ጥቂት ነው፣ ዶክትሬት ይዘው ዓመታት የሚጠብቁ አሉ። ስለዚህ እንጀራሽን ፕሮፌሰር በመሆን ላይ ብቻ አትጣይው፤ ጥንታዊ ጽሕፈት በማንበብ ችሎታ ላይ ጣይው።

ግዕዝሽን አጠንክሪ። ከ1973 ጀምሮ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም፣ ኋላም በዲጂታል ሲቀረጹ ኖረዋል፤ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍትና የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቁ ናቸው። የተቀረጸውን አንብቦ ካታሎግ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ለአባትሽም በቀላሉ የሚገባ ሥራ ነው።

ከዚያ ስፓኒሽ። ናዋትል (የአዝቴኮች ቋንቋ)፣ ኬችዋ (የኢንካዎች ቋንቋ)፣ ማያ ብለሽ ሦስቱንም አትጀምሪ፤ ስፓኒሹ ሳይኖር አንዳቸውም አይራመዱም። ዴሌ (DELE) የሚባለውን የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና በቢ2 (B2) ደረጃ እስክታልፊ ድረስ ሌላ ቋንቋ አትንኪ። ያን ጊዜ፣ የያዘሽ የኢንካ ጥያቄ ስለሆነ፣ ኬችዋን ምረጪ። ዛሬም ሚሊዮኖች ይናገሩታል። ደግሞም ላሊበላና ጎንደር የሚመጣውን የስፔን እንግዳ በቋንቋው የሚያስጎበኝ ሰው ሥራ አያጣም፤ ክረምት ላይ የኪስ ገንዘብ ይሆንሻል።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ድልድይ አድርጊው። ኮርቴስ ሜክሲኮ ላይ በነበረበት በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ልብነ ድንግል መጥተዋል። በ1603 የመጣው የካቶሊክ ሰባኪ ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ ነው፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፏል። ፓኤዝ የጻፈውንና የሱስንዮስን ዜና መዋዕል በአንድ ጉዳይ ላይ ጎን ለጎን ብታነቢ፣ የዋንካዎቹን ወረቀት ለማንበብ የሚያስፈልገውን ሥራ እዚሁ ለመድሽው ማለት ነው። አማካሪም አታጪለትም።

ለማስተርስ ሁለት ቦታ ተመልከቺ። በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንታዊት አሜሪካ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ዳድ (DAAD) የሚባለውን የጀርመን ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሪ። ሌላው የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ኡናም ነው። ወደዚያ የሚወስደው የከተማው ባቡር ሦስተኛ መስመር «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረችና፣ እኛ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳልን እነሱም አልረሱንም።

ዛሬ ማታ ግን ይህን አድርጊ። የስፔን ቤተ መዛግብት «ፓሬስ» በሚባለው ድረ ገጻቸው ሰነዶችን በነፃ ያሳያሉ። ከፔሩ የመጣ የ16ኛው መቶ ዓመት ወረቀት አንድ ክፈቺ። መጀመሪያ ትደነግጫለሽ። በብራናችን ላይ ሁለት ነጥቡ ቃልን ከቃል ይለይልሻል፤ የዚያ ዘመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ግን ብዕሩን ሳያነሣ መስመሩን እስከ ዳር ይጎትተዋል። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ፈልጊ፣ ቀጥሎ የከተማውን ስም። በቀን አንድ መስመር ይበቃል። በሦስት ወር ውስጥ ያነበብሽውን የመጀመሪያ መስመር ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናርመዋለን።