«መሣሪያ ተደርጎለት ለምን አይሰማም?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ይመግልበት ነበር። አምና ሲመረመር የሁለቱም ጆሮው የመስማት አቅም ደካማ ነው ተባለና ተበድረን የመስሚያ መሣሪያ ገዛንለት። ሰሞኑን አስተማሪው ጠርቶኝ «መሣሪያውን አድርጎም አይሰማኝም፣ ሆን ብሎ ነው» አለኝ። ቤት ግን ቡና እያፈላሁ ስጠራው ወዲያው ይመጣል። ልጄ እያታለለኝ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አያታልልሽም እህቴ! መስሚያ እንደ መነጽር አይደለም። መነጽር ያጠለቀ ሰው ያያል፣ አለቀ። መስሚያ ግን ድምፅ ያጎላል እንጂ መምረጥ ላይ ደካማ ነው፤ የመምህሩን ድምፅ፣ የዴስኩን ጓጓታ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የቆርቆሮውን ጩኸት አንድ ላይ ጆሮው ውስጥ ይከታል። ርቀትም አለ። ከረከቦትሽ እስከ ሶፋው ቢበዛ ሁለት ሜትር ነው፤ ከሰሌዳው እስከ ኋላ ዴስክስ?

ደግሞ ሰ፣ ሸ እና ፈ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። «ሻይ» ያልሽው «አይ» ሆኖ ሊደርሰው ይችላል። የቀረውን ከከንፈር ነው የሚሞላው፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፈ ካወራ ግን ምን ያንብብ?

ስለዚህ አስተማሪውን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ አናግሪው። ልጁን ፊት፣ የተሻለ የሚሰማው ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲሆን ያስቀምጠው። ጽፎ ይጨርስና ዞሮ ያውራ። «ሰማህ?» ብሎ መጠየቁንም ይተው፤ ልጅ ሁሉ እንዳይሳቅበት «አዎ» ይላል (እኔም ሒሳብ ክፍል እንደዛ ነበርኩ፣ ጆሮዬ ደህና ሆኖ)። «ምን አልኩ?» ይበለው። የዴስኮቹ እግር ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቢታሰር ደግሞ ጓጓታው ለሁሉም ይቀንሳል።

ምልክት ቋንቋም ቢማር ደስ ይለኛል፤ መናገሩን አይወስድበትም።

መግሉ ከተመለሰ ግን መስሚያውን አውልቀሽ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ባትሪውንም በየጠዋቱ እዪ። ትንሿ ክብ ባትሪ ከሆነች ተለጣፊዋ ከተነሳ ጀምሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ብትቀመጥም፣ ማለቋ አይቀርም። ቦርሳው ውስጥ ተለጣፊዋ ያልተነሳ አንድ ትርፍ አስቀምጪለት።