የሲያትሉ ፉሺያ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለምን አይበረክትም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሜይ ላይ ለበረንዳዬ የሚንጠለጠል የፉሺያ አበባ እገዛለሁ፣ ጁላይ ሳያልቅ ጠውልጎ ይሞታል። ሲያትል ያለችው እህቴ ግን ደጇ ላይ የተከለችው በየዓመቱ ራሱ ይወጣል። ለመሆኑ ፉሺያ የአንድ ዓመት አበባ ነው ወይስ ከዓመት ዓመት የሚቆይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፉሺያ በተፈጥሮው ዓመታት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። የአንድ ዓመት አበባ የሚያደርገው የቦታው አየር ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ደጋ ተክሎች ናቸው፤ ቀኑ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚልበት አገር ይወዳሉ። ይህ አየር የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢን ጁላይ ሳይሆን አዲስ አበባን ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ የሚሰጋው ለብርዱ ነው፣ አንቺ ጋ ግን ቀድሞ የሚገድለው ሙቀቱ ነው።

ሙቀቱ ከ80 ፋራናይት (27 ሴንቲግሬድ ገደማ) አልፎ ሌሊቱም አልበርድ ሲል ማበቡን ይተዋል። ከሰዓት ላይ ቅጠሉ ዝልፍልፍ ይላል፣ ውሃ የጠማው ይመስልና ይጨመርበታል፣ አፈሩ ግን እንደራሰ ነው፣ ስለዚህ ሥሩ ይበሰብሳል። ውሃ ከማጠጣትሽ በፊት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ሰካ አድርጊ። እርጥብ ከሆነ ውሃውን ተዪውና ወደ ጥላ ውሰጂው፤ ማታ ቀና ይላል።

ሲያትል በጋው ለዘብ ያለ ነው፣ ብርዱም ሥሩን አይገድለውም። የእህትሽ ተክል ደግሞ ብርድ ከሚችሉት ሳይሆን አይቀርም። ከእነሱ ዋናው ማጌላኒካ የሚባለው ነው፤ አገሩ የቺሊና የአርጀንቲና ደቡብ ነው፣ ምዕራብ አየርላንድ ውስጥ በየመንገዱ ዳር አጥር ሆኖ ይታያል። አንቺ የምትገዢው ተንጠልጣይ ግን በአብዛኛው ውርጭ አይችልም።

እኔ ብሆን ማጌላኒካ ገዝቼ መሬት ላይ እተክላለሁ። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ከሰዓት ጥላ የሚሆንበት ቦታ ምረጪ። ከነበረበት አራት ጣት ያህል ጠለቅ አድርገሽ ትከዪው። ኖቬምበር ላይ አትከርክሚው፣ ሥሩን ደረቅ ቅጠል አልብሺው። ላዩ ደርቆ የሞተ ይመስላል፣ ብዙ ሰው ነቅሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፣ እባክሽ ሜይ እስኪጋመስ ታገሺ። ግንዱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አልሞተም። ቡናማ ቢሆንም ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። አበባው የሚወጣው አዲስ በሚያድገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ የሚያመልጥሽ ነገር የለም።

ለበረንዳው ጋርተንማይስተር የሚባለውን ሞክሪ። አበባው ቀጭን ቱቦ የመሰለ፣ ብርቱካናማ ቀይ ነው። ሙቀት ከብዙዎቹ የተሻለ ይችላል፣ ለውርጭ ግን ደካማ ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነኝ። ፉሺያዬ ሰመሩን በደንብ አበበ። ዊንተሩን ሳሎን ባስገባው ያልፋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሞቀ ሳሎን አይሆነውም፤ ቅርንጫፉ ይሰለስላል፣ ነጭ ዝንብም ይወርረዋል። የመጀመሪያው ውርጭ ሳይጥል ግማሽ ያህሉን ከርክመህ፣ ቅጠሉን አራግፈህ ከ40 እስከ 50 ፋራናይት የሚሆን ቤዝመንት ወይም ጋራዥ አስገባው። ስለሚተኛ ብርሃን አያስፈልገውም። አፈሩ ድርቅ እንዳይል ብቻ በወር አንዴ ትንሽ ውሃ ስጠው። ማርች ላይ ወደ ብርሃን አውጣውና አፈሩን ቀይርለት፣ ግን ሜይ መጨረሻ አካባቢ ሳይደርስ ደጅ እንዳታሳድረው።