ከሲንኩ ስር ያለው ጉድ

ባለፈው ስለ ቤት ጽዳት ዕቃ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ዛሬ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ እትዬ እንዴት ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው ትንሿ ገና ሁለት ተኩል። ቤታችን ጠባብ ናት፣ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጄሪካኑ ብቻውን የኩሽናውን ግማሽ ይዞታል። ሰሞኑን ላጸዳ ብዬ ከሲንኩ ስር ያለውን ሳወጣው ሦስት ጠርሙስ በረኪና፣ ሁለት የተከፈተ ኦሞ (አንዱማ ድንጋይ ሆኗል)፣ በሃይላንድ የተቀዳ አረንጓዴ ነገር ላርጎ ይሁን ምን ይሁን የማላውቀው፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ አራት ሳኒታይዘር፣ ፍሊት፣ ያለቀ የሽቶ ጣሳ፣ ባለቤቴ ከቤተሰብ ለመጣልን ስንዴ ብሎ የገዛው የነቀዝ እንክብል፣ አንድ ፌስታል ሙሉ የተቀደደ ካልሲ ምናምን አገኘሁ። የምጥለውን ስላላወቅኩ ሁሉንም መልሼ ከተትኩት። ጎረቤቴ ባለ ሦስት ደረጃ የፕላስቲክ መደርደሪያ ገዝታ ኩሽናዋ አምሮላታል፣ እኔም ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ መደርደሪያውን ለጊዜው ተይው። ኦሞው ጋ ስደርስ ስቄ ነበር፣ እኔም ቤት በመዶሻ የምፈልጠው አለ፣ እንክብሉ ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። የነቀዝ እንክብል የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ነቀዙንም የሚገድለው ይሄ ጋዝ ነው፣ ሰውንም አይምርም፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። እንግዲህ አስቢው፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ሲንክ ስር፣ እርጥብ ጨርቅ አጠገብ፣ ልጆች በሚያድሩበት ቤት!

ይሄን ደብዳቤ አስቀምጠሽ በርና መስኮቱን ክፈቺ። የእንክብሉ ዕቃ ክዳኑ በደንብ የገጠመ ከሆነ እንዳለ አውጪውና ከመኖሪያ ቤት ውጪ፣ ደረቅ የሆነና የሚቆለፍ ቦታ አስቀምጪው፣ ከዛ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቀሽ አስረክቢ። ውሃ ውስጥ እንዳትጨምሪው፣ ሽንት ቤት እንዳትጥይው፣ እሳት ውስጥም እንደዚሁ። ክዳኑ ተከፍቶ ከሆነ ወይ የነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ከሸተተሽ ግን ራስሽም አትንኪው፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና የሚያውቅ ሰው ይምጣ። ባለቤትሽን ደሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ እንክብሉ ስንዴው ውስጥ ገብቷል ወይ? ስንዴውስ ያለው የት ነው? መኝታ ቤት ከሆነ ዛሬ ማታ እዛ ማንም እንዳይተኛ። በጤፍና በስንዴ አገር ኖረን ይሄን የምናውቀው ጥቂት ነን፣ እንክብሉን እንደ ናፍታሊን ቁምሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ራሱ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሃይላንዱ። ሰፈር ውስጥ ላርጎም በረኪናም በሃይላንድ እየተቀዳ ይሸጣል፣ ርካሽ ስለሆነ እኛም እንገዛለን፣ ግን የሁለት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ስታይ የምታውቀው ውሃ ነው። ምንነቱን የማታውቂውን እያሸተትሽ አትመርምሪው፣ ላርጎ ነው ብለሽ ከሌላ ጋርም አትቀላቅዪው፣ ይሄ ከቤት የሚወጣ ነው። ከእንግዲህ የተቀዳ ነገር ከገዛሽ ሃይላንድ በማይመስል ዕቃ ገልብጪው፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ስሙንና የገባበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊ። እግዜር አያምጣውና ልጅ በረኪና ከጠጣች አፏን በውሃ አጉመጥምጪያት እንጂ ጣትሽን ከተሽ አታስመልሻት፣ ሲመለስ ጉሮሮዋን ለሁለተኛ ጊዜ ያቃጥለዋል፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ።

በረኪናው ለምን ሦስት ሆነ ካልሽኝ አንቺም እንደኔ ሳታዪ ነው የምትገዢው፣ ሱቅ ስትደርሺ "አለቀ መሰለኝ" ትያለሽ። በረኪና የሚቆይ ነገር አይደለም፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ጉልበቱ እየወረደ ይሄዳል፣ ስለዚህ ግማሽ የደረሰውን ጠርሙስ አስቀድመሽ ጨርሺ፣ ሦስቱም እስኪያልቁ አራተኛ እንዳይገባ። መጠኑን በተመለከተ ላዩ ላይ 5 ፐርሰንት የሚል ከሆነ ወለል ለማጽዳት 5 ሊትር ውሃ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ አንድ የቡና ሲኒ ሞልቶ ትንሽ ጨመር ማለት ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ በሙቅ ውሃ ጉልበቱን ያጣል (የደብረ ብርሃን ብርድ እጅ እንደሚያደነዝዝ አውቃለሁ፣ ጓንት አድርጊ)። የበጠበጥሽውን በዛው ቀን ጨርሺው፣ አሳድረሽ አትጠቀሚበት። ደሞ በምንም ተዓምር ከአቼቶ ወይ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳታገናኚው፣ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው። ሽንት ቤት ስትደፊው አፍንጫሽን ቆንጥጦ የሚያስለቅስሽም ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ስለሚገናኝ ነው፣ መጀመሪያ ውሃ ብቻ ድፊና በሩን ከፍተሽ በረኪናውን ኋላ አምጪ።

ሳኒታይዘሩ... መጋቢት 2012 ላይ በሽታው አገራችን ገባ ሲባል ያልገዛ ማን አለ። አልኮሉ በደንብ ባልተዘጋ ዕቃ እየተነነ ያልቃል፣ ስለዚህ ለእጅ አትመኚው፣ መስታወት ወልውዪበት፣ ልጁ ግድግዳ ላይ በማርከር የጻፈውን አስለቅቂበት። ከከሰልና ከምድጃ ግን አርቂው፣ እንደ ነዳጅ ነው የሚይዘው። የፍሊትና የሽቶ ጣሳውን ደሞ ዛሬ የምነግርሽ ኅዳር 12 ስለሚመጣ ነው። ኅዳር ሲታጠን ሁሉም ቆሻሻውን ጠርጎ በር ላይ ያቃጥላል፣ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው፣ እኔም ጢሱን እወደዋለሁ። ግን ጣሳ እሳት ውስጥ ከገባ እንደ ፈንጂ ነው የሚፈነዳው፣ ዙሪያውን ከበው የሚሞቁት ደሞ ልጆች ናቸው። ባዶ ቢመስልም አይግባ።

ለቁራሌው የምትሰጪውን የበረኪና ጠርሙስ በቢላ ቀደድ አርጊው፣ አለዚያ ታጥቦ የሆነ ቤት የዘይት መቅጃ ይሆናል። ካልሲውን አምስት አስቀሪና ሌላውን ጣይ፣ በአምስት ካልሲ ያልተወለወለ ቤት በሃምሳም አይወለወልም። ድንጋዩን ኦሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊውና ልብስ እጠቢበት፣ ደህናውን ክዳን ባለው ደረቅ ጣሳ ገልብጪው፣ ሲንክ ስር እርጥበት ነው ድንጋይ ያረገው።

አሁን ቁጠሪ እስቲ ምን ቀረ። በረኪና፣ ኦሞ፣ ሳኒታይዘር፣ ፍሊት፣ ጨርቅ። ይሄ ደሞ መደርደሪያ አያስፈልገውም፣ ሁለት ባልዲ ይበቃዋል፣ አንዱ የኩሽና አንዱ የሽንት ቤት፣ ቀለማቸው ይለያይ፣ ስፖንጃቸውም አይገናኝ። ሚስማር መትተሽ ትንሿ ወንበር ላይ ቆማ እንኳ የማትደርስበት ላይ ስቀያቸው። ሲንኩ ስር ጄሪካኑን አስገቢ፣ ኩሽናሽ ያን ጊዜ ይሰፋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ መሐል ሜዳ ነው ያለሁት። የአባቴን ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ነጣ እንዲል ብዬ በረኪና ውስጥ ባሳድረው ቢጫ ሆኖ እየተቦጨቀ ነው፣ መላ አለው? ሌላው፣ እናቴ የተወችው አንድ ቁና የደረቀ እንዶድ ከቅመሙ ጋር ተቀምጧል፣ ልጣለው?

መልስ፦ ወንድሜ ባናው አልቆለታል፣ ይቅርታ አርግልኝ። ሱፍ እንደ ጸጉር ነው፣ በረኪና ጸጉር ያሟሟል፣ የበግ ጸጉርም ያው ነው፣ እንኳን ሊያድር አንድ ሰዓትም በዝቶበታል። ደህናው ክፍል ካለ ቆርጠህ የወንበር ልብስ አርገው። የሚቀጥለውን ባናም ሆነ ዝተት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳታሽ፣ ሳትጨምቅ፣ ጥላ ላይ ዘርግተህ።

እንዶዱን ግን እንዳትጥለው! አረፋ የሚሰጠው በውስጡ ባለው ሳፖኒን በሚባል ነገር ነው፣ ነጠላ እንደሱ የሚያጠራ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሰበት። ከዚህ ሁለት ነገር ያዝ፣ እጣቢውን ዓሣ ያለበት ወንዝ አትድፋ፣ እንዶዱንም ዛሬውኑ ከቅመሙ ለየው። ሲበላ መርዝ ነው፣ የደረቀ ፍሬው ደሞ ለማያውቅ ሰው ቅመም ይመስለዋል። የናትህ ቁና ክዳን ካለው ከሳሙናው ጋር ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ እትዬ እኔ ሸዋ ሮቢት በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ወንደላጤ ነኝ። በረኪናውም ፍሊቱም ነጭ ጋዙም ዘይቱም አልጋ ስር ነው፣ መስኮት ላይ ልደርድረው?

መልስ፦ መስኮት ላይ አይሆንም የኔ ልጅ። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በረኪናውን ውሃ ያረግብሃል፣ ፍሊቱም ጣሳው ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ጥላ ያለበት ቦታ ይሻላል፣ ግን አልጋ ስር ከምትበላው ጋር አይደለም፣ በሩ ጥግ መሬት ላይ በአንድ ባልዲ። ነጭ ጋዙን ብቻውን፣ ከእሳትም ከዘይቱም አርቀህ አስቀምጠው፣ መብራት በጠፋ ማታ በዳሰሳ ሽሮ ስትሠራ የቱን እንደምታነሳ አታውቅም።