ቤዙ ለምን ያጓራል? የሳብዉፈር ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳሎኔን በማይክ ለክቼ የቤዙን ችግር እንዴት እንደደረስኩበት በአጭሩ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ለጉድ ነው። የሚመሳሰሉትን እያጠቃለልኩ የቻልኩትን ልመልስ። ሻጭ አይደለሁም። ሳብዉፈር የሚሉትን ከባድ የቤዝ ስፒከር ሳጥን ከጥግ ጥግ ሲጎትት ወገቡን ያመመው ሰው ነኝ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ሳብዉፈር ገዛሁ። አንዳንዱ ዘፈን ላይ ቤቱን ያናውጠዋል፤ ሌላው ላይ ግን ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ተሸወድኩ እንዴ?

አልተሸወድክም ወንድሜ። የሚሸውድህ ክፍሉ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለክፍልህ ርዝመት እጥፍ አካፍለው፤ ክፍሉ ራሱ የሚያጎላውን ድግግሞሽ ታገኛለህ። የኔ ሳሎን 4.2 ሜትር ነው፤ 343 ለ8.4 ሲካፈል 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ይመጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ የሚሰጠውም ያንኑ 41 ሄርዝ ነው። ስለዚህ ቤዚስቱ ያችን ክር በነካ ቁጥር ቡፌው ውስጥ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። ወደ ሌላ ኖታ ሲሄድ ጭጭ። እኔማ ለስንት ጊዜ ቤዚስቱን ሳማ ነበር!

ይህ በግድግዳዎቹ መካከል የሚመላለስ የድምፅ ማዕበል ግድግዳው ስር ይጠነክራል፣ ክፍሉ መሃል ላይ ደግሞ ይጠፋል። እኔ የመጀመሪያውን ጉብታ፣ ሁለተኛውን ጉድጓድ እላቸዋለሁ። ሶፋህ ግድግዳ ከተደገፈ ጉብታው ላይ ነው የተቀመጥከው።

ጥያቄ፦ ዲኤስፒ ግዴታ ነው?

አይደለም። ዲኤስፒ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚያርም ዕቃ ነው። አንዱን ድግግሞሽ ለይቶ ዝቅ ያደርጋል፣ ድምፁን በሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ ቤዙን ከቀረው ይለያል። ሚኒዲኤስፒ የሚባለው ድርጅት የሚሠራቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዳንድ ሪሲቨር (ስፒከሮቹ ሁሉ የሚሰኩበት አምፕሊፋየር) እና ሳብዉፈርም በውስጡ ይዞት ይመጣል። ግን መጀመሪያ ቦታውን አስተካክል። ቦታው የተበላሸን ሳብዉፈር በዲኤስፒ ማዳን ያልተፈጨ በርበሬ ወጥ ውስጥ ጨምሮ እንደማማሰል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጥግ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ሌላ የት ይሻላል?

እህቴ፣ ጥግ ላይ ድምፁ ይበዛል፤ የክፍሉም ጉብታ ሁሉ አብሮ ይነሳል። እንዲህ አድርጊ። ሳብዉፈሩን አንቺ የምትቀመጪበት ሶፋ ላይ አውጪው። ቤዙ የሚወርድና የሚወጣ ዘፈን ክፈቺ። ከዚያ ሳጥኑን ልታስቀምጪ የምትችይባቸውን ቦታዎች እየዳኽሽ አዳምጪ። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ቤተሰብ ይስቅብሻል፤ እኔም ስድህ ተስቆብኛል። ከዲኤስፒ በላይ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በስልኬ ማይክ መለካት አይቻልም?

ለሳብዉፈር አትመነው። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው፤ ብዙው ዝቅተኛውን ድምፅ ሆን ብሎ ይቆርጠዋል። እንደ ዩሚክ 1 ያለ በዩኤስቢ የሚሰካና የራሱ የካሊብሬሽን ፋይል (የማይኩን ስህተት የሚያርም ፋይል) ያለው ማይክ ይሻላል። ሶፍትዌሩ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊነክስም ይሠራል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ማይኩም ሶፍትዌሩም አለኝ። ቀጥሎስ?

ማይኩን ጆሮህ በሚውልበት ከፍታ ላይ አቁመው። በእጅህ አትያዘው። የካሊብሬሽን ፋይሉን መጫንህን አትርሳ። ከዚያ ድግግሞሹ ከ15 እስከ 200 ሄርዝ እያደገ የሚሄደውን ድምፅ ከሶፍትዌሩ አጫውት፤ ውጤቱን በመስመር ይስልልሃል። መስመሩን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጥፋው፤ አለበለዚያ ጉብታውን ይደብቅብሃል። ማይኩን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስክ አራት አምስት ጊዜ ድገመው። በሁሉም ላይ የሚታየውን ብቻ ነው የምታርመው።

የኔ የመጀመሪያ መስመር 41 ሄርዝ ላይ 11 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ወጥቶ ግመል መስሎ ነበር። ሳጥኑን ከጥጉ ወደ ክፍሉ መሃል 1.2 ሜትር ጎተትኩት፤ ጉብታው ወደ 7 ወረደ። እስከዚህ ድረስ ዲኤስፒ አልነካሁም ነበር። ከዚያ በዲኤስፒ አንድ ፊልተር (አንዱን ድግግሞሽ ለይቶ የሚቀንስ ማስተካከያ) ብቻ አስገባሁ፦ 41 ሄርዝ፣ 6 ዴሲቤል ቅናሽ፣ ኪው 5። ኪው የፊልተሩ ጥበት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠብባል። ያው ዘፈን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤዚስቱን ጣቶች አንድ በአንድ ሰማኋቸው።

መስመሩን ግን ፍጹም ጠፍጣፋ አታድርገው። ጠፍጣፋ ቤዝ ለኔ ጆሮ ቀጭን ነው። ከ100 ሄርዝ በታች ቀስ እያለ ወደ 5 ዴሲቤል እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱንስ በዲኤስፒ መሙላት አይቻልም?

አይቻልም፤ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ጉድጓዱ የሚፈጠረው ቀጥታ የመጣውና ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ሲጠፋፉ ነው። አንዱን ስትጨምር ሌላውም እኩል ይጨምራል። አምፕሊፋየሩ ግን ዋጋውን ይከፍላል፦ 6 ዴሲቤል መጨመር ማለት አራት እጥፍ ዋት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ 9 ዴሲቤል ጨምሬ የስፒከሩን ጥቅልል አቃጥያለሁ። ሽታው ሁለት ቀን ሳሎን ከረመ። ጉድጓድ ካለህ ሳጥኑን ወይም ሶፋውን አንቀሳቅስ።

ጥያቄ፦ ሳብዉፈሩ ለብቻው ጥሩ ነው፣ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር ሲሆን ግን 80 ሄርዝ ላይ ይሳሳል።

ይህ የፋዝ ጉዳይ ነው። 80 አካባቢ ሁለቱም አብረው ይጮሃሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ሁለቱን አንድ ላይ እያስጮህክ፣ የሳብዉፈሩን የፋዝ ማስተካከያ አንዴ 0፣ አንዴ 180 ላይ አድርገህ ለካ። 80 አካባቢ ከፍ ብሎ የታየው ትክክለኛው ነው። የቀረውን በዲሌይ (ድምፁን በማዘግየት) አስተካክል፤ 1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ሪሲቨሬ ራሱ ለክቶ ሳብዉፈሩ 5 ሜትር ርቀት ላይ ነው አለኝ። በሜትር ስለካው 3 ነው። ተበላሽቷል?

አትንካው! ሳብዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ድምፁን ትንሽ ያዘገያል። ሪሲቨሩ ያንን መዘግየት ነው ወደ ሜትር የቀየረው።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

ብቻህን የምታዳምጥ ከሆነ አንድ ይበቃል። ቤተሰብ ተደርድሮ ፊልም የሚያይ ከሆነ ግን ሁለት። የድምፅ ዕቃ አምራቹ የሃርማን ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት ሁለት ሳብዉፈሮችን በተቃራኒ ግድግዳዎች መሃል ለመሃል ማስቀመጥ ቤዙን ለብዙ መቀመጫ እንደሚያቀራርብ አሳይቷል። በር መሃል ላይ ካለ ምን ይደረጋል? ትንሽ ጠጋ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ምንም ሳልከፍት ሁልጊዜ "እምምም" ይላል።

አዲስ አበባ ከሆንክ 50 ሄርዝ፣ ሜሪላንድ ከሆንክ 60 ሄርዝ ላይ ታገኘዋለህ፤ የመብራቱ ድግግሞሽ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ዕቃዎቹ የተለያየ ሶኬት ላይ መሰካታቸው ነው። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስባቸው። የኧርዙን እግር ግን እንዳትቆርጥ፤ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ብሸፍነው ጎረቤት አይሰማም?

ይሰማል። የ40 ሄርዝ ማዕበል ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ የእንቁላል ካርቶን ምኑም አይደለም። ኮንክሪቱ ራሱ ቤዙን ይዞት ይሄዳል። ዲኤስፒው ላይ የሌሊት ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ማስተካከያ) አዘጋጅና ከ45 ሄርዝ በታች ቁረጠው። ቀን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጎረቤትህን ቡና ጥራና እሱም ይስማ።

ጥያቄ፦ ሲኒዎቹስ?

አንዷ አሁንም ትንቀጫቀጫለች። 57 ሄርዝ ላይ ነው። ስሯ ጨርቅ አድርጌባታለሁ።