መልስ፦ ታድሶ የተገጠመ የትራክተር ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዘይት ስለ ማድረስ
ከእነዋሪ የጠየቅከው ወንድሜ፣ «ዘይቱን በመክደኛው በኩል ከሞላሁ አይበቃም ወይ?» ላልከው፣ አይበቃም። የሞላኸው ዘይት ታች ገንዳው ውስጥ ተኝቷል፤ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ወደ ያዙት ብሮንዞች (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ለስላሳ የብረት ቅርፊቶች) የሚደርሰው ፓምፑ ሲገፋው ብቻ ነው። አዲስ በተገጠመ ሞተር ደግሞ ፓምፑም መተላለፊያውም አየር ነው የያዘው። ያለ ዘይት የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አዲስ ብሮንዝ ይልጣሉ።

እኔ የዘይት ግፊት ጠቋሚውን ፈትቼ በቀዳዳው ንጹሕ ዘይት በእጅ ፓምፕ እገፋለሁ፤ ረዳቴ ኮሎውን በመፍቻ ቁልፍ ቀስ አድርጎ ያዞራል። የቫልቮቹ ክዳን ክፍት ስለሆነ ዘይቱ ከላይ ሲንጠባጠብ በዓይን ይታያል። ያንን ሳላይ ክዳኑን አልገጥምም! ከዚያ ጠቋሚውን መልሰህ፣ ሞተሩ እንዳይነሣ የናፍጣውን ማጥፊያ ስበህ እንደያዝክ፣ በሞተሪኖ (በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ ሞተር) ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አዙር፤ ሞተሪኖው እንዳይግል አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። የግፊት መለኪያው እስኪነሣ ድገም። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ካለው በቱርቦው የዘይት መግቢያ ጥቂት ጨምርበት።

በእናንተ ደጋ የኅዳር ንጋት ዘይት ያወፍራል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ጀምር። ሞተሩ ተነሥቶ መለኪያው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ ግን ወዲያው አጥፋው።